በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ንግግር

ከመቀሌ የወጣሁት በጠራራ ጠዋት ነው። የስደት ታሪክ ሁሉ በጨለማ የሚጀምር ይመስላችሁ ይሆናል። የእኔ የጀመረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ጎረቤት «በሰላም ተመለሺ» እያለኝ ነው። ከዓይደር በባጃጅ ተነስተን ወደ ኲሓ ስንሄድ ራህዋ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እኔን አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኝታ በዚያው ባጃጅ ትምህርት ቤቷ ልትመለስ ነው። አሥር ዓመቷ ነበር። ሻንጣዬ ትንሽ ነው፣ የአሥራ አምስት ቀን ሻንጣ። ትልቁን ብይዝ እናቴ ትነቃብኛለች ብዬ ካፖርቴን እንኳ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቼው ሹራብ ብቻ ደርቤ ወጣሁ።

«ኣደይ፣ አሥራ አምስት ቀን የሚቆጠረው ከዛሬ ነው ወይስ ከነገ?» አለችኝ። ኣደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው።

«ከነገ ጀምረሽ ቁጠሪ» አልኳት። አንዲት ቀን ለራሴ ላተርፍ ፈልጌ መሆን አለበት።

ከዚያ እንደ ልማዷ ሲጨንቃት የምታደርገውን አደረገች። እንግሊዝኛ ማነብነብ ጀመረች። ለተማሪዎቼ የማስተምረውን አንድ የቆየ ንግግር ከእኔ ሰምታ በቃሏ ይዛዋለች። ተናጋሪዋ ሴት ልጆቿ እየተሸጡ እንደተወሰዱባት የምትናገርበት ቦታ ስትደርስ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፤ ይህን ማንም አላሳያትም። ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ እያያት ሳቀ።

«ኣንቲ ጓል፣ ከእናትሽ በፊት ፈረንጅ አገር የገባሽው አንቺ ነሽ እኮ!» አላት። ኣንቲ ጓል አንቺ ልጅ ማለት ነው።

በሩ ጋ ስንደርስ ሸኚ ከዚህ አያልፍም አሉ። ሳምኳት። አላለቀሰችም፤ እሷ የምታስበው ሌላ ነበር። «ሐሙስ የውጤት ወረቀት ይሰጣል። የወላጅ ፊርማ የሚል አለው። ማን ይፈርምልኛል?»

«ዓባየሽ ትፈርምልሻለች» አልኳት፤ እናቴን፣ አያቷን ማለቴ ነው።

«እሷ ወላጅ ናት እንዴ?»

«ለአሥራ አምስት ቀን ወላጅ ናት» ብያት ገባሁ። ዞሬ አላየሁም። ባይ ኖሮ አልሄድም ነበር፤ ይህን ስል ራሴን ለማሳመር አይደለም።

ትርሓስ እባላለሁ። መቀሌ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አባቴ የወሎ ሰው ነው፣ የአማርኛ መምህር። መቀሌ ተመድቦ መጣ፣ እናቴን አገባ፣ እዚያው ኖሮ እዚያው ተቀበረ። ቤታችን ውስጥ ለማዘንም ለመሳቅም ትግርኛ ነበር፤ ለመጻፍ ግን አማርኛ። አባቴ «የጻፍሽውን ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ካፈርሽበት ሰርዢው» ይለኝ ነበር። ይህንንም ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው የምጽፍላችሁ፤ የማፍርበትን ግን ዛሬ አልሰርዝም።

ስለ ንግግሩ ልንገራችሁ፤ የመጣሁበት ነገር ሁሉ የሚዞረው በእሱ ነው። በድሮው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ባሪያ ሆና የተወለደችና ነጻ የወጣች አንዲት ጥቁር ሴት ሴቶች መብታቸውን ለመጠየቅ በተሰበሰቡበት ቆማ የተናገረችው ነው። ከአንድ ሽፋኑ የተቀደደ መጽሔት ቀድቼ በየዓመቱ ለአሥራ አንደኛ ክፍል አድለው ነበር። ቅጂው ላይ ንግግሯ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ ግሡ ጎድሎ፣ ቃሉ በግማሽ ተቆርጦ። እኔም ሰሌዳው ላይ «ስሕተቱን አርሙ» ብዬ እጽፋለሁ። ስድሳ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ያቺን ሴት በቀይ እስክሪብቶ ያርማታል። «አልተማረችም፣ ለዚህ ነው እንዲህ የምትናገረው። እናንተ ግን ተምራችኋል» እላቸው ነበር። ደስ የምትል የሰዋስው መልመጃ ነበረች። ስለ ሴት መብት፣ ስለ ነጭና ጥቁር እኩልነት የሚለውን ክፍል ደወሉ ሲደወል በሁለት ደቂቃ እጨርሰው ነበር።

ስለ ራህዋም እውነቱን ልንገራችሁ። ራህዋን አልወለድኳትም። የእህቴ የለተብርሃን ልጅ ናት። ለተብርሃን በወለደች በሃያኛው ቀን በትኩሳት ሞተችብን። አባትየው የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ለቀብር መጣ፣ ሦስት ቀን ተቀመጠ፣ ሄደ፤ ያው ሄደ። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ እናት በምትቆምበት ቦታ የቆምኩት እኔ ነኝ። አፏን ስትፈታ ኣደይ ያለችው እኔን ነው። የእህቴ ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ። ራህዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበር ላይ ቆማ አቧራውን ትጠርጋለች፤ «ሓትኖይ ለተብርሃን፣ ዛሬም ታምሪያለሽ» ትላታለች። ሓትኖይ አክስቴ ማለት ነው፣ የእናት እህት። እናቴ ይህን ስትሰማ ወደ ጓዳ ትገባለች።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንድም ሰው ግን አፉን አይከፍትም፤ እኛ ጋ እንዲህ ያለው ነገር ለልጅ አይነገርም። ይህን መዋሸት የሚለው የለም፣ ጨዋነት ነው የሚባለው። ትምህርት ቤት ሳስመዘግባት በአባቴ ስም አስመዘገብኳት፤ ራህዋ አበራ። እኔም ትርሓስ አበራ ነኝ። በአገራችን አጻጻፍ እህትማማቾች ሆንን ማለት ነው። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ፣ ምንም ሳይል ማኅተሙን መታ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ እሱ እናንተም የምታውቁትን ታውቃላችሁ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሲያልፍ ትምህርት ቤቱ ተከፈተና የድሮውን የስም መጥሪያ ይዤ ክፍል ገባሁ። ስም ጠራሁ። አቤት የሚሉት ጥቂት ነበሩ። በማይመለሱት ስሞች አጠገብ ምን ምልክት እንደሚደረግ የሚያውቅ አስተዳደር አልነበረም፤ «ለጊዜው ባዶ ተዪው» አሉኝ። በየጠዋቱ እየጠራሁ፣ በየጠዋቱ ባዶ እየተውኩ አንድ ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ለመምህራን የሁለት ሳምንት ሥልጠና የጀርመን ጥሪ ደረሰኝ።

ሥልጠናው የእውነት ነበር፤ የምስክር ወረቀቱ እስካሁን አለኝ። በአሥራ አራተኛው ቀን ጓደኞቼ ቸኮላት ሊገዙ ሲወጡ እኔ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ፖሊሱ ቅጽ አወጣና «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። «ታዲያ ለምን መጣሽ?» አለኝ። ጥገኝነት የሚለውን ቃል ስነግረው ቅጹን መልሶ መሳቢያ ውስጥ ከተተና ስልክ አነሳ። ቤት ስደውል ራህዋ «ነገ አሥራ አምስተኛው ነው» አለችኝ። ትንሽ ሊራዘም ነው አልኳት።

ሀይም ወደሚሉት የስደተኞች መኖሪያ ላኩኝ። ሀይም ማለት በቋንቋቸው ቤት ማለት ነው፣ ቀልድ ይችላሉ። ራታቸው ቀዝቃዛ ዳቦና አይብ ነው፣ እሳት ያልነካው። የሚንተከተክ ሽሮ ቀርቶ ትኩስ ውኃ እንኳ ብታገኙ ደስ የሚላችሁ ዓይነት ራት። ደረጃ ላይ የምታገኙት ሰው «ሃሎ» ብሎ ያልፋል፤ እንዴት አደርሽ የለ፣ ልጆች ደኅና ናቸው የለ። መጀመሪያ አካባቢ እኔ ቆሜ ሙሉውን ስጠይቅ የታመምኩ መስሏቸው ዘበኛ ጠሩልኝ። ኅዳር ሲገባ ፀሐይ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች፣ ብርዱ ደግሞ በሹራቤ ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። ካፖርቴ መቀሌ ቁም ሣጥን ውስጥ መሆኑ ያናድደኝ ነበር። ራህዋ እንደምትለብሰው የሰማሁት በኋላ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ኪዳነ ይመጣሉ። የመቀሌ ሰው ናቸው፣ ጀርመን ሃያ ምናምን ዓመት የኖሩ። መመገቢያ አዳራሹ ጥግ ላይ ተቀምጠው የሐበሻውን ሁሉ ፎርም በነጻ ይሞላሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ክፉ ሰው አይደሉም።

«ስንት ልጅ አለሽ ጓለይ?» አሉኝ፤ ጓለይ ልጄ ማለት ነው።

«አንድ። የእህቴ ናት፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ይህን እንዳትደግሚው። እዚህ አገር የእህት ልጅ ልጅ አይደለም።»

«እውነቱ ግን እሱ ነው ጋሼ።»

«እውነቱን የጠየቀሽ የለም፣ ፎርም ነው የጠየቀሽ። ልጅሽ ናት ወይስ አይደለችም?»

«ልጄ ናት።»

«በቃ።» ጻፉት። ቤት ውስጥ ነው የወለድኳት፣ የልደት ወረቀት የላትም ብለው ከሥር ጨመሩበት። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች… አንቺ ላይ የደረሰ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ቢኖር ቶሎ ያምኑሻል። ከሴት የሚጠብቁት እሱን ነው።»

«ጎረቤቴ ላይ ነው የደረሰው። የእሷን ቁስል ወስጄ የእኔ ነው አልልም» አልኳቸው። ገጹን ገለበጡት። ያን ቀን ራሴን ሐቀኛ አድርጌ ቆጠርኩ። አንዱን እምቢ ብዬ ሌላውን መፈረሜ ትዝም አላለኝ። ልጄ ናት ማለት ውሸት ሆኖ አልታየኝማ።

የጥገኝነት ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ጉዳዬን የሚመረምረው ሰውዬ ስለ ልጄ ጠየቀኝ። ዶልሜቸሩ፣ አስተርጓሚው ማለት ነው፣ ትግርኛው የኤርትራ ሆኖ ቃል በቃል አቀበለኝ። ልጅሽን ስትወልጂ ማን ነበረ? ምጡ እንዴት ነበር? ሰውዬው የሚጠይቀው የሚዋሽ ሰው ዝርዝር ስለማያውቅ ነው። እኔ ግን ዝርዝሩን አውቃለሁ፤ ለተብርሃንን ከጀርባዋ ደግፌ የያዝኳት እኔ ነኝ። ላቧን፣ የያዘችውን ነጠላ በጥርሷ መቅደዷን፣ በመጨረሻ «ሴት ናት?» ብላ መሳቋን ሁሉ ነገርኩት፣ በራሴ አድርጌ። ሰውዬው መጻፉን ትቶ ውኃ ቀዳልኝ። አመነኝ።

የመኖሪያ ፈቃዱ መጣ። ራህዋን ለማስመጣት ማመልከቻ ሳስገባ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሴትዮ ኮምፒውተሩን አይታ «ሁለታችሁም የቤተሰብ ስማችሁ አበራ ነው፣ ጥሩ» አለችኝ። አገሬ ላይ እህቴ ያስመሰላት ስም እዚህ ልጄ አደረጋት። እየሳቅሁ ወጣሁ።

ከዚያ ቤት ፍለጋ። አከራዬ በስልክ ማር ነበረች። በር ስትከፍትልኝ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«በስልክ እንዲህ አልመሰልሽኝም።»

«በስልክም እኔው ነበርኩ።»

«ጀርመንኛሽ ጥሩ ነበር ማለቴ ነው።»

«አሁንም ያው ነው።»

ሽንኩርት እጠብስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እጠብሳለሁ አልኳት። መስኮት ከፍቼ መሆን አለበት አለች። ብርድ ነው አልኳት። ብርድ ለጤና ጥሩ ነው አለችኝ። ለማንኛውም ቤቱን ሰጠችኝ፤ ሁለት ክፍል፣ አንዱ ለራህዋ። አልጋ ገዛሁ፣ አንሶላ አነጠፍኩ። እዚህ አገር በየሕንፃው በር ላይ ከደወሉ አጠገብ የነዋሪው ስም ይጻፋል። እኔም ሁለታችንን ጻፍኩ፤ ትርሓስና ራህዋ አበራ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አከራዬ መጣች።

«ደወሉ ላይ ሁለት ሰው አለ። ቤት ውስጥ የማየው አንድ ነው።»

«ልጄ ልትመጣ ነው።»

«ስትመጣ ይጻፋል። ደወል ላይ የሚጻፈው የሚኖር ሰው ነው፣ የሚጠበቅ ሰው አይጻፍም።»

እሺ ብያት አላነሳሁትም። እሷም በየወሩ እየመጣች ታስታውሰኛለች።

ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ ደብዳቤው መጣ። ልጅቷ የልደት ማስረጃ ስለሌላት የእናትና ልጅ የዲኤንኤ ምርመራ ያስፈልጋል ይላል፤ እኔ እዚህ፣ ልጅቷ አዲስ አበባ ኤምባሲ ምራቅ እንድንሰጥ። ወረቀቱን ይዤ ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ፤ ሽንኩርቱ አረረ። ጋሽ ኪዳነ ጋ ደወልኩ። «እንዳልደረሰሽ ሁኚ። ዝም በይ፣ ሕግ ይቀየር ይሆናል» አሉኝ። እሳቸውም አላመኑበትም፣ ድምፃቸው ያስታውቃል። መቀሌ ስደውል ወሬው ቀድሞኛል፤ ኤምባሲው ለቤት ደውሏል።

«ኣደይ! አዲስ አበባ ልሄድ ነው አሉ! ምራቅ ብቻ ነው የሚወስዱት፣ አያምም!» አለች ራህዋ። «ካፖርትሽን ለብሼ እሄዳለሁ፣ ከዚያ እዚያው ከጠሩኝ በዚያው እመጣለሁ።»

የዚያው ሳምንት የሴቶች ቀን ነበር። የቋንቋ ትምህርት የምማርበት ክፍል ሁላችንም ሴቶች ነን፤ ሶርያዎች፣ አፍጋኖች፣ ዩክሬኖች፣ ጥቁር እኔ ብቻ። አስተማሪያችን ፍራው ሄልጋ ጡረታ የወጣች መልካም ሴት ናት። ለቀኑ ብላ አንድ ንግግር ይዛ መጣች። ገና ርእሱን ሳየው ልቤ ዘለለ። ያው ንግግር ነው፣ የእኔ፣ የመቀሌው።

«ትርሓስ፣ አንቺ ብታነቢው ደስ ይለኛል» አለች ፍራው ሄልጋ። «በአንቺ ድምፅ የተለየ ይሆናል።»

ለምን በእኔ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ቢሆንም ኮራሁ፤ ከስንት ዓመት በኋላ መምህርት ልሆን ነው። በእንግሊዝኛ በቃሌ አውቀዋለሁ አልኩና ቆሜ አነበነብኩት። የተሰበረውን እንደተሰበረ፣ ሴትነቴ ምን ጎደለው ብላ ደጋግማ የምትጠይቅበትን ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ልጆቿ የተሸጡበት ቦታ ላይ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ እንደ ራህዋ። አጨበጨቡልኝ። ሶርያዊቷ አለቀሰች።

ፍራው ሄልጋ ግን ሁለተኛ ወረቀት አደለችን። «አሁን ያነበበችው ታዋቂው ነው» አለች። «ንግግሩ ከተደረገ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በቦታው የነበረች አንዲት ነጭ ሴት የጻፈችው። ይኼኛው ደግሞ በሳምንታት ውስጥ የተጻፈው ነው። አወዳድሯቸው።»

ሁለተኛው አጭር ነው። ቋንቋው አልተሰበረም፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ ቀና የሆነ። ያ ደጋግማ የምትጠይቀው ጥያቄ እዚያ ውስጥ የለም። የተሸጡት ልጆችም የሉም። ፍራው ሄልጋ እንደነገረችን ሴትዮዋ ያደገችው በሰሜኑ በኩል ከሆላንዶች መካከል ነው፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው። ያ የተሰባበረ አነጋገር የደቡብ ባሪያዎች ይናገሩታል ተብሎ የሚታሰብ ነው፣ የእሷ አልነበረም። የልጆቿም ቁጥር ከእጥፍ በላይ ተጨምሮ ነው የተጻፈው።

«ለምን?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሏል።

«ለጥሩ ብላ ይመስለኛል። ሰው ይበልጥ እንዲያዝን።»

«እሷ ራሷ ምን አለች? የጻፈችው የለም?»

«መጻፍና ማንበብ አትችልም ነበር። ያለን ሌሎች የጻፉላት ብቻ ነው።»

አፈርኩ። ያፈርኩት ለዚያች ሴት አይደለም፤ ለራሴ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ያላጠፋችውን አሳርሜያታለሁ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ስለሆነ ብቻ አዲስ አበባ ላይ አነጋገራችንን እያስመሰሉ ሲስቁብን እንዴት እንደምናደድ የማውቀው እኔ፣ የመቀሌ ልጆች ቀይ እስክሪብቶ ይዘው እንዲያርሟት ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ባቡር ውስጥ ሁለተኛውን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ገባኝ። የሴቶች መብት የሚሉት ነጮቹ ሴቶች እሷን አያስቧትም። የጥቁር መብት የሚሉትም የሚያዩት ወንዱን ነው። እሷ በሁለቱ መካከል ቆማ የምትለው ቀላል ነው፤ እንደ ወንድ ሠርቻለሁ፣ አርሻለሁ፣ አጭጃለሁ፣ የሚገባኝን ስጡኝ። አትለማመጥም። ማንም እንዲያለቅስላት አልጠየቀችም። የተጨመረው ልቅሶ ሁሉ ከሌላ ሰው የመጣ ነው፣ እሷን ልትረዳ ከፈለገች ሰው። ከዚያ ወዲህ ዓለም የሚያውቃት ባልተናገረችው ነው።

እኔም ያደረግኩት ይኸንኑ ነው። ለጎረቤቴ ቁስል ተጠንቅቄ የገዛ እህቴን ምጥ ወሰድኩባት። ነጠላውን በጥርሷ የቀደደችው ለተብርሃን ናት። «ሴት ናት?» ብላ የሳቀችው ለተብርሃን ናት። በእኔ ፋይል ውስጥ ግን ለተብርሃን የምትባል ሴት አልተፈጠረችም። ወልዳ ሞተች፣ እኔ ደግሞ ከወረቀት ላይ ሰረዝኳት። ባቡሩ ውስጥ አለቀስኩ፤ ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው መስኮት መስኮቱን አዩ።

ሰኞ ማመልከቻውን ያስገባሁበት ቢሮ ሄድኩ። ያለ ተርሚን፣ ያለ ቀጠሮ ማለት ነው፤ ለጀርመኖች ይህ ራሱ ወንጀል ነው። ሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ቁልቋሎች አሏት።

«ልጅቷን አልወለድኳትም» አልኳት። «የእህቴ ልጅ ናት። ምራቁን መውሰድ አያስፈልግም።»

ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። «ልጅዎ አይደለችም ማለት ነው?»

«ልጄ ናት። አልወለድኳትም።»

«ስለዚህ ልጅዎ አይደለችም።»

«ልጄ ናት።»

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። «ይዩት። የተወለደች የሚል አለ፣ በፍርድ ቤት በጉዲፈቻ የተወሰደች የሚል አለ። ያሳደግኳት የሚል የለም።»

«ይጨመርበታ።»

«እሱን የሚጨምሩት በርሊን ናቸው።»

«በርሊን ይደወልላቸው።»

ልትስቅ ነበር፣ ተወችው። «የእናትየዋ የሞት ማስረጃ አለዎት?»

«ቀብሯ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ነበረ። ማንን ልጥራልሽ?»

«ወረቀት ነው የምፈልገው» አለች፤ ይህን ስትል ግን ክፋት አልነበረባትም። «ያለፈው ቃልዎ ላይ ምጡን ሁሉ ዘርዝረዋል። አሁን ለምን ይነግሩኛል? ዝም ቢሉ ኖሮ ፋይሉ ምናልባት ዓመት ሳይዘጋ ይቆይ ነበር።»

«የእህቴ ስም እንዲጻፍ ነው» አልኳት። «ለተብርሃን አበራ። እናት በሚለው ላይ ጻፊው።»

ፊደሉን አንድ በአንድ ነገርኳት፣ ጻፈችው። ከዚያ እኔ ወደነበርኩበት መስመር ሄዳ አንዲት ቃል መታች፤ ታንተ። አክስት ማለት ነው። ማመልከቻው በዚህ መልክ ውድቅ እንደሚሆን፣ ከመቀሌ ፍርድ ቤት የአሳዳጊነት ወረቀት ቢመጣ እንደ ልዩ ችግር ሊታይ እንደሚችል፣ ግን የመጀመሪያ ቃሌ ሐሰት ስለነበር ብዙ ተስፋ እንዳላደርግ ነገረችኝ። ኤምባሲው ልጅቷን ጠርቶ ሊጠይቃት ይችላል አለች። «የእናንተ ቃል አንድ መሆን አለበት» ብላኝ እጇን ዘረጋችልኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወልኩ። እናቴን አስቀድሜ ነግሬያታለሁ፤ «አንቺው ንገሪያት፣ እኔ አንደበት የለኝም» ብላ ሳሎኑን ለቃላት ወጣች። ራህዋ አሥራ ሁለት ሞልቷታል። የምናወራው በትግርኛ ነው፣ እዚህ በአማርኛ ላስቀምጥላችሁ።

«ምርመራው ቀርቷል» አልኳት።

«ለምን? ሻንጣ አዘጋጅቼ!»

«ራህዋ፣ ሳሎን ነሽ? ፎቶው ይታይሻል?»

«የሓትኖይ ለተብርሃን?»

«እናትሽ እሷ ናት።»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። እየተነፈሰች ነው፣ ይሰማኛል። ሁሉንም ነገርኳት፤ ምጡን፣ ነጠላውን፣ ሳቋን፣ ሃያ ቀኑን። ለጀርመኑ ሰውዬ የሰጠሁትን ሁሉ መልሼ ለባለቤቷ ሰጠሁ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራ ስጠርግላት ታዩኝ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«አሥራ አምስት ቀን ያልሽኝም ያኔ እያወቅሽ ነው?»

«አዎ።»

ይኼኔ ብትጮህብኝ ምን ነበረበት። አልጮኸችም። ትልቅ ሰው በሚጠይቅበት ድምፅ «አሁን ወረቀቱ ላይ ምኔ ነሽ ተባለ?» አለችኝ።

«ታንተ። ሓትኖ ማለት ነው።»

«ኤምባሲ ቢጠሩኝ ምን ልበል?»

«እውነቱን።»

«እንግዲያው ከአሁኑ ልልመደው» አለች። «ቃላችን እንዳይለያይ።»

«ራህዋ፣ ለእነሱ ነው እንጂ እኛ ቤት ውስጥ…»

«ደሓን ኩኒ፣ ሓትኖይ» አለችኝ፤ ደኅና ሁኚ አክስቴ። ዘጋችው።

ተቆጥታ ይሁን ታዝዛ አላወቅኩም፤ እስከ ዛሬም አላውቅም። ያን ቀን ታች ወርጄ ደወሉ አጠገብ ቆምኩ። ስሟ እንደተጻፈ ነው። አከራዬ ከገበያ ስትመለስ አየችኝና ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ፊቴን ስታይ ቦርሳዋን ይዛ ገባች።

አሁንም በየእሁዱ እደውላለሁ። ታነሳለች። ስለ ፈተናዋ ትነግረኛለች፣ ስለ ዓባየዋ ጉልበት ትነግረኛለች፣ ካፖርቱ እጁ እንዳጠራት ትነግረኛለች። ትስቃለች። ስታነሳ ሓትኖይ ትላለች፣ ስትዘጋም ሓትኖይ ትላለች። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ አፏን እንዲያዳልጣት እጠብቃለሁ። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።